ምንም ያልተለወጠበት ካርታ

አብርሆት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ አፈላች፣ የትናንቱን ዳቦ በሻይ እያራሰች በላች። ደጃፉን ስትጠርግ ከበሩ ጎን የቆሙትን የወንድ ቦት ጫማዎች አነሳች፤ የቆሙበትን ጠርጋ መልሳ እዚያው፣ እንደነበሩት አቆመቻቸው። ቀዩ የቦኬ ወረዳ ጭቃ ሶላቸው ላይ እንደ ደረቀ ነው። ከዚያ ቆልፋ ወጣች። ባጃጅ አስቆማ በጫት ተራ በኩል፣ ጭነታቸውን በሚያሰሩ ፒክአፖች መሃል እየተሽሎከሎከች ቢሮ ገባች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አልሞላም ነበር።

ኮምፒውተሩን አበራች። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣህ አለ፤ ከሥሩ ተስፋዓለም የሚል ስም ወጣ። የይለፍ ቃሉን ጻፈችና ገባች።

ተስፋዓለም ባለቤቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ ለመስክ ሥራ መቻራ እንደ ሄደ ሆዱን ታመመ። ቀላል መስሎት አንድ ቀን ታገሰው። በማግስቱ ወደ ጭሮ ሲያመጡት መንገዱ ረዘመበትና እዚያው መኪና ውስጥ አለፈ። ሁለቱም የሚሠሩት እዚሁ ቢሮ፣ የዞኑን የመሬት አጠቃቀም በሚያጠናው ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። የካርታው ፕሮግራም ፈቃድ የተጫነው በእሱ ማሽን ላይ ብቻ ስለሆነ ከቀብር በኋላ ማንም አልነካውም። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ በስሙ እየገባች ሥራውን ቀጠለች። በየማለዳው እንኳን ደህና መጣህ ይባላል፤ እሷ ትገባለች።

የዚያን ሳምንት ሥራ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ፕሮጀክቱ ሁለት የኮምፒውተር ሞዴሎች ነበሩት። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ያለፉትን ካርታዎች አይተው የሚመጣውን ካርታ ይስላሉ፤ የትኛው ደን ጫት እንደሚሆን፣ የትኛው ግጦሽ ማሳ እንደሚሆን። አንደኛው ተስፋዓለም የሠራው ነው፤ በቢሮው ውስጥም «የተስፋዓለም ሞዴል» እየተባለ ይጠራል። ሌላኛው የሑዘይፋ ነው። ሑዘይፋ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ጭሮ ላይ የፕላስቲክና የገመድ ሱቅ ከፈቱ፣ እሱ ደግሞ ከሐረማያ በማስተርስ ተመርቆ መጣ። ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ አብርሆት ሁለቱን አወዳድራ የቱ እንደሚሻል ልትናገር ነው።

ከውድድሩ ጀርባ ያለው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ፕሮጀክቱ ለደን ጠባቂዎች የሚከፍለው ገንዘብ እያነሰ ስለመጣ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. አይተርፉም ተብለው ከተሳሉት ኮረብቶች ላይ ጠባቂ ሊያነሳ ወስኗል። የተመረጠው ሞዴል ጫት ብሎ የቀባው ኮረብታ ጠባቂ የለውም።

«የመጽሐፉን ሽፋን አሠርቼዋለሁ» አላት የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቢራቱ ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ላይ ቆሞ። ቢራቱ የተስፋዓለምን ሬሳ ከመኪና ካወረዱት ሰዎች አንዱ ነው። «የተስፋዓለም ስም ከፊት ለፊት ይወጣል፣ በትልቁ። ወረዳዎቹ ሁሉ የሚሠሩበት መጽሐፍ ይሆናል። እንግዲህ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይተዋል?»

«ምንም» አለች አብርሆት።

«ውጤቱ የታወቀ ነው አይደል?»

«ዘጠና ሁለትና ሰማንያ አምስት ነው።»

ፈተናው እንዲህ ነው። ሞዴሉን ሁለት የቆዩ ካርታዎች ታሳዪዋለሽ፤ ሦስተኛውን ራሱ እንዲስል ታደርጊዋለሽ፤ ከዚያ የሳለውን ከእውነተኛው ሦስተኛ ካርታ ጋር ታስተያዪዋለሽ። የተስፋዓለም ሞዴል በፈረንጆች የ1986ንና የ2008ን ካርታ አይቶ 2016ን ስሏል፤ ከመቶው ዘጠና ሁለቱ ገጥሟል። የሑዘይፋው ከ1986ና ከ2000 ተነስቶ ያንኑ 2016 ሲስል ሰማንያ አምስት ገጠመ።

ሑዘይፋ ከሰዓት በፊት ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አብሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ።»

«እንዳጠያየቅህ ነው።»

«የሰነፉን ሞዴል ሞክረሻል?»

«የራስህን ነው?»

«ወላሂ ሰደብሽኝ!» ሳቀ። «ምንም ያልተለወጠበትን ካርታ ማለቴ ነው። ሁለተኛውን ካርታ እንዳለ አንስተሽ ይሄው ሦስተኛው ብትይ፣ ስንት ይገጥማል? ምንም ሳያስብ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው ብሎ የሚቀመጠውን ሰነፍ ካልበለጠ፣ ሞዴል ምኑ ሞዴል ነው? የኔን ሞክሬዋለሁ፤ ሰነፉ ሰባ ዘጠኝ አገኘ፣ የኔ ሰማንያ አምስት። ስድስት በለጥኩት። እስቲ የጋሼ ተስፋዓለምንም እንየው።»

አብርሆት የ2008ን ካርታ ከ2016ቱ ጋር አስተያየችው። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ዘጠና ስምንት አለ።

ሑዘይፋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

«ሰነፉ በለጠው» አለ ሑዘይፋ፣ ድምፁን ቀንሶ። «ያም ይሁን። ግን ዘጠና ስምንት? ስምንት ዓመት ሙሉ ቦኬ ውስጥ ጫት አልተተከለም ማለት እኮ ነው። አባቴ በነዚያ ዓመታት የሸጠውን የጫት ማሰሪያ ገመድ ቢያስብ፣ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚስቀው።»

«ካርታው በጥንቃቄ ስለተሠራ ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«ተስፋዓለም በእግሩ ዞሮ የሠራው ካርታ ነው፤ እንዳንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም።»

ሑዘይፋ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ወጣ። እሷ ግን ቁጥሩን እያየች ቆየች። ምንም አልተለወጠም የሚል ካርታ ያን ያህል እውነት ሊሆን አይችልም። ይህንን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ካርታውን ከመሬቱ ጋር ለማስተያየት ከተመረጡት የተስፋዓለም የመስክ ነጥቦች የቀሩትን ልታይ ወደ ቦኬ ሄደች። ሾፌሩ በድሪ ነው፤ መንገዱን እየሰደበ የሚነዳ፣ ካልሰደበ የሚተኛ የሚመስል ሰው። ጉልበቷ ላይ ጂፒኤሱና የተስፋዓለም የመስክ ደብተር ነበሩ። ደብተሩን ቤቷ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ከኖረች ወዲህ ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው፤ አልከፈተችውም።

«ይሄ መሣሪያሽ መንገድ ያውቃል፣ ጉድጓድ አያውቅም» አለ በድሪ፣ መኪናው ሲዘል። «ለሠሩት ሰዎች ንገሪያቸው። በድሪ ብሏል በይ፣ ቦኬ መጥታችሁ ሞክሩት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ስሜን በደንብ ጻፊው ታዲያ።»

የገበያ ቀን ነበር። አህያና ሰው መንገዱን ሞልቶት ከተማውን ለማለፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ነጥቦች ደህና ነበሩ፤ ማሽላ ያለው ማሽላ፣ ጫት ያለው ጫት። ለነጥብ ሠላሳ አንድ ጋራ ጋቲራ ሥር ቆሙ። ጋቲራ በኦሮምኛ ጥድ ማለት ነው። የተስፋዓለም ሞዴል ይህን ኮረብታ ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ከሥር እስከ ጫፉ ጫት ብሎ ቀብቶታል።

አብርሆት ከመኪናው ወርዳ ቀና አለች። ኮረብታው ከወገቡ በላይ ጥቁር ነው። ዛፍ ነው።

ከሥሩ ባለው ምንጭ አጠገብ አንዲት አሮጊት ቢጫ ጀሪካኖች ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ውኃው በቀጭን ቧንቧ ይንጠባጠባል። ጣሂራ ይባላሉ። የምንጩን ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው እንደሆኑ በድሪ ነግሯታል፤ ቀድሞም ያውቃቸዋል።

«ነጋያን ቡልቴ?» አሏት፣ ደህና አደርሽ ለማለት። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞሩ። «አንቺን አውቅሻለሁ። ያ ረጅሙ ሰውዬ ፎቶሽን አሳየኝ፣ ስልኩ ውስጥ። ሚስቴ ናት አለ። እሱስ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች አብርሆት።

በድሪ ጎማ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ። በይ ላኪው። ዛፉ ላይ ቀለም ቀብቶ ሄደ፣ አላጠበውም!» ሳቁ፤ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ብቻ ነው ያላቸው።

ብቻዋን ወጣች። ጂፒኤሱ ርቀቱን እየቀነሰ ይነግራታል፤ አርባ ሜትር፣ ሃያ፣ ስምንት። ጫካው ውስጥ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ነፋስ የለም፤ ሆኖም ከላይ አንዳች ነገር ቅርንጫፍ እየለወጠ ይከተላታል፤ ስትቆም ይቆማል። ጂፒኤሱ ደርሰሻል አለ። ፊት ለፊቷ ትልቅ ጥድ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም 31 ተጽፏል። ሦስቱን እንደዚያ፣ ከላዩ ጠፍጣፋ አድርጎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ዛፉ ሲወፍር ቁጥሩን ወደ ጎን ስቦት ሰፍቷል። አድጓል ማለት ይቻላል።

የገዛ ካርታው ከሞተ ቆየ ያለው ዛፍ፣ የገዛ እጁን ጽሕፈት ይዞ ቆሟል።

ደብተሩን ከፈተች። ገጹን ለማግኘት አልተቸገረችም። «ነጥብ 31። ጥድና ወይራ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ከሥሩ ምንጭ። ጥር 14 ቀን 2008።»

ጥር።

ቃሉን ደግማ አነበበችው። ጥር ያለ ሰው፣ 2008 ሲል የእኛን 2008 ማለቱ ነው። በፈረንጆች 2016። ሞዴሉ ግን የፈረንጅ ዓመት ነው የሚያውቀው፤ 1986 የፈረንጅ፣ 2016 የፈረንጅ፣ መሃሉ ላይ ከዚህ ደብተር ለተሠራው ካርታ የተጻፈው 2008ም እንደዚያው ተቆጠረ። ቁጥሩ በሁለቱ መካከል አለቦታው የገባ አይመስልም፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ካርታ የአንድ ዓመት ካርታ ናቸው። ሰነፉ ዘጠና ስምንት ያገኘው ለዚህ ነው። ሞዴሉም የሠላሳ ዓመቱን ለውጥ በሃያ ሁለት ዓመት የሆነ መስሎት እየተጣደፈ፣ ደግሞም ስምንት ዓመት ቀድሞ እየተነሳ፣ ያልሞቱትን ኮረብቶች ሁሉ ቀበራቸው።

ያን ጊዜ ድምፁን ሰማችው። ከኋላዋ፣ ቅርብ፣ በጥድፊያ ሥራ ላይ ሲሆን የሚናገርበት ድምፅ፤

«ዓመቱን ስንት ልበለው?»

አልዞረችም። መቼ እንደተባለ ታውቃለች። 2011 ነው፤ እሱ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል፣ እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለምሳ ልትወጣ በሩ ላይ ቆማለች። ሞዴሉ ሁለተኛው ካርታ ዓመቱ ስንት ነው ብሎ ጠይቆታል። እሱ ሌላ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ነበር። እርቧታል። የመስኩን ዓመት እንዴት ትረሳዋለች፤ በተጋቡ በዓመቱ ትቷት ሁለት ወር የሄደበት ነው።

«ሁለት ሺህ ስምንት ነዋ!» አለችው። «ና አሁን እንሂድ።»

ጻፈው። ተነሳ። ሄዱ። ምን እንደበሉ እንኳ አታስታውስም።

ጥዱ ሥር ምን ያህል እንደቆየች አላወቀችም። ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰማት፤ አልተደገመም። ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ከጀርባዋ ያለው ያ ዓይነት ዝምታ ነበር።

ስትወርድ ጣሂራ ከበድሪ ጋር ይሟገታሉ።

«ከመጋቢት በኋላ ጠባቂ አይኖርም ይሉናል» አሏት፣ ገና ሳትደርስ። «ወረቀት ላይ ይሄ ጋራ ጫት ነው አሉ። እኔ ዓይን የለኝም ወይ? ጠባቂ ሄደ ማለት መጥረቢያ ገባ ማለት ነው። ዛፉ ከሄደ ይሄ ውኃ ይሄዳል። ድርቁ ዓመት፣ ሰውሽ የመጣ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ ይሄ ብቻ ነው ያልደረቀ። ሰውሽ ከዚህ ጠጥቷል። እሱን ጠይቂው!»

አብርሆት ጣሂራ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማማ ጣሂራ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። ባለቤቴ ሞቷል። ሦስት ዓመቱ ነው።»

አሮጊቷ አዩዋት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ ተቆጡ። «ታዲያ ደህና ነው ትይኛለሽ? እኔ እስከ ማታ ዱዓ ሳደርግ ለደህና ሰው ላደርግ ነው? ለሞተ የሚደረገው ሌላ ነው እኮ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ተይው። ተቀመጪ። ውኃ ጠጪ።»

ጠጣች። በድሪ እስከ ጭሮ ድረስ መንገዱን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰደበም።

ረቡዕ ጠዋት በተስፋዓለም ስም ገብታ ዓመቱን አስተካከለች። 2008ን አጠፋች፣ 2016 ብላ ጻፈች። ሞዴሉ የሚፈተንበት ነገር አጣ፤ ሊተነብየው የነበረውን ዓመት ቀድሞ አይቶታልና ዘጠና ሁለት የሚባል ውጤት የለም። ዝም ብትልስ? ከእሷ በቀር ደብተሩን ያየ የለም። ሑዘይፋ ይጠረጥራል እንጂ አያውቅም። ሽፋኑ ታትሟል። እንዲህ አሰበች፤ አላሰብኩም ብላ ራሷን አላታለለችም። ከዚያ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ስምንት ሰው ነበር። ሽፋኑ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል፤ ስሙ በትልቁ።

«ወይዘሮ አብርሆት፣ እንግዲህ አብስሪን» አለ ቢራቱ።

«የተስፋዓለም ሞዴል አልተፈተነም» አለች። «ልንጠቀምበት አንችልም።»

ደብተሩን ከፍታ አሳየች። የጥርን ቀን፣ ዓመቱን፣ ዘጠና ስምንቱን፣ ጋራ ጋቲራን አንድ በአንድ ተናገረች። ሑዘይፋ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ካሸነፈ ሰው ይልቅ የለቀስተኛ ፊት ነበረው።

«እንግዲህ ሟች ነው» አለ ከወረዳ የመጣው ሰው፣ ሊያረጋጋ። «ሰው ይሳሳታል፤ አንወቅሰውም።»

«እሱ አልተሳሳተም። ጠየቀ። ዓመቱን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ቢራቱ ሽፋኑን ገልብጦ አስቀመጠው። «የሑዘይፋን እንወስዳለን» አለ በመጨረሻ። በሑዘይፋ ካርታ ላይ ጋራ ጋቲራ እስከ 2022 ጠባቂ ካለው ይቆማል፤ ሌሎች ሦስት ኮረብቶችም እንዲሁ። ሌሎች ሁለት ግን አይቆሙም። የእነዚያ ሁለት ኮረብቶች ሰዎች በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሑዘይፋ ተከተላት።

«አብሪ፣ የማሽኑን ነገር። የተሳሳተውን ሞዴል ብቻ አጥፍተን፣ ማሽኑ በእሱ ስም መከፈቱን እንዲቀጥል መተው እንችላለን። ምንም አይጎዳም።»

«ያ ሞዴል ተበትኖ ያልተቀመጠበት ፋይል የለም። አንድ ቀን አንዱ ይከፍተውና ዘጠና ሁለት ብሎ ይወስደዋል።»

«እኔ ልፈልጋቸው፤ ሳምንት ቢፈጅብኝም።»

«አጥፋው ሑዘይፋ። ሁሉንም። እንደ አዲስ ጫነው።»

«ደብተሩንስ?»

«ደብተሩ የእኔ ነው።»

አርብ ጠዋት አብርሆት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ አፈላች፣ ደጃፉን ጠረገች። ቦት ጫማዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ባጃጅ ይዛ በጫት ተራ በኩል አለፈችና ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩን አበራች። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ እንኳን ደህና መጣሽ በሚለው ሥር፣ አብርሆት አለ። የተስፋዓለም ስም የለም።